ግጥሚያና ጉርብትና

በዛሬው ጨዋታችን ስለ ኳስ እናነሣለን ብል «ይህ ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ ዐዋቂ የሆነው?» ብለው ፈገግ ማለትዎ አይቀርም። እውነትዎን ነው፤ እኔ ኳስ ዐዋቂ አይደለሁም። በተማሪነቴ ጊዜም ኳስ እጄን እንጂ እግሬን አትወድም ነበር፤ ይህንንም ኋላ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለ ኳሷ ሳይሆን፥ ኳሷን ተከትሎ ወደ ሜዳ ዳር ስለሚወጣው ሰው ነው፤ ይልቁንም ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ሲጋጠሙ ለአንድ ሰፈር ምን እንደሚያተርፉለት ነው።

እኔ የምኖረው ከከተማችን በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ነው። የአዲስ አበባ የጥንት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ወይ ከመኳንንቱ፥ ወይ ከታቦቱ፥ ወይም ከሙያተኛው ነው። ራስ ካሳ ሰፈር ቢሉ የቀድሞው ባለቤት ይታወቃል፤ ሠራተኛ ሰፈር ቢሉ ማን ይኖርበት እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይናገራል። የኛ ሰፈር ግን ስሙን የወረሰው ከአንድ አበዳሪ ነው። ባለ ርስቱ አባት፥ የሰፈሩም አድባር ማን ነው ቢሉን የምንጠቁመው የለንም። ጎረቤቶቼን አገራችሁ የት ነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ጎንደር ነው ይለኛል፤ አንዱ ጉራጌ፥ አንዱ ወለጋ፥ አንዱም ከመሀል ከተማ ቤቱ ፈርሶ የመጣ የአራዳ ልጅ ነው። አንድ የሚያደርገን የእድሩ ድንኳንና የባጃጁ ወረፋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን መንገድ ቢያልፉ፥ ከየዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤቱ የሚወጣው ጩኸት ጆሮዎን ይይዘዋል። በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ የአርሴናል፥ ሌላው የማንቸስተር ዩናይትድ ቲፎዞ ነው። ሁለቱም ቀይ ማልያ ለብሰው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግን ለሁለት ቀን ያህል አይነጋገሩም። የሎንዶኑን በረኛ እስከ ጫማው ቁጥር የሚያውቀው ይህ ልጅ፥ ከእርሱ ትምህርት ቤት በአንድ መንገድ ብቻ ተለይቶ ባለው ትምህርት ቤት በረኛው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቁት አያውቅም። ቴሌቪዥኑን አልነቅፍም፤ እኔም ቡናዬን ይዤ የምመለከትበት ቀን አለ። ነገር ግን አንድ ነገር እንነጋገር፤ በኛ ሰፈር ሐዘን ቢገባ አርሴናል መጥቶ ድንኳን አይተክልም። ከሩቅ አገር ጠቡን ብቻ ተበድረን፥ ዕርቁን ሳንበደር ቀረን ማለት ነው።

እስቲ «ግጥሚያ» የሚለውን ቃል ልብ ብለው ይመልከቱት። ሥሩ «ገጠመ» ነው። ሁለት ሰዎች ለጠብ ሲያያዙ ገጠሙ እንላለን፤ መዝጊያው ከመቃኑ ጋራ ልክ ሲሆንም ገጠመ እንላለን። ሁለት ስንኝ ቤት ሲመታ ግጥም ነው፤ ሁለት ቡድን ሜዳ ሲወርድ ግጥሚያ ነው። ቋንቋችን መታገልንና መስማማትን በአንድ ቃል ያኖረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ባላጋራ ሌላ ነው፤ ተጋጣሚ ሌላ ነው። ባላጋራ ቢጠፋልዎ ደስ ይልዎታል፤ ተጋጣሚዎ የጠፋ ቀን ግን እርስዎም ጨዋታ የለዎትም። መዝጊያ ያለ መቃን ቢቆም ጣውላ ነው እንጂ በር አይባልም።

ይህንን ደግሞ ኳስ ይዞልን የመጣ ትምህርት አድርገው አይቍጠሩት። አባቶቻችን በገና ዕለት ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው፥ ሩሯን እየመቱ፥ የላይኛው መንደር ከታችኛው መንደር ሲጋጠም ይውል ነበር። የተጫዋቹ ቍጥር አልተወሰነም፤ የሜዳውም ወሰን ጉልበት ያደረሰበት ነው። በዚያን ዕለት ሎሌው ከጌታው ጋራ እኩል ይሮጣል፤ በነገር ቢወጋው፥ በግጥም ቢሰድበውም ጌታ አይቆጣም፤ ቢቆጣ ነውሩ የራሱ ነው። በማግስቱ ሁሉም በየቦታው ይመለሳል። የገጠሙት መንደሮች ግን ሠርጉንም፥ ደቦውንም፥ ለቅሶውንም ዓመቱን ሙሉ አብረው ይውላሉ። እንግዲህ የዓመት ቀጠሮ ያለው፥ ሕግ ያለውና ማታ የሚያበቃ ፉክክር ከጥንትም የኛው ነበር።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርዎ። በተማሪነቴ ዘመን ትምህርት ቤታችን ከአንድ የሰፈር ጎረቤቱ ከሆነ ትምህርት ቤት ጋራ በየዓመቱ ይጋጠም ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ዛሬም ቲፎዞ አላቸውና። እኔ ተከላካይ ስሆን የማልያዬ ቍጥር 4 ነበረ። በመጨረሻው ዓመት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ወደ ጎላችን የመጣችውን ኳስ ሳላስበው በእጄ ነካሁ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ሪጎሬ! የነሱ አጥቂ፥ እኛ «ቀጭኔ» የምንለው ረጅም ልጅ፥ መትቶ አገባት። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። እኔም ሰው እንዳያየኝ በጓሮ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ቀጭኔንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ላየው አልፈልግም ነበር።

በዚያው ክረምት፥ በሐምሌ ወር፥ አባቴ ዐረፉ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና ሊነጋጋ ሲል፥ የእድሩ ሰዎች እንኳ ተሰብስበው ሳያልቁ፥ ከደጅ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ጎረቤታችንን «የአራት ቍጥሩ ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብወጣ ቀጭኔ ነው። ከሦስት የቡድኑ ልጆች ጋራ አግዳሚ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው፥ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ቆመዋል። ስሜን አያውቀውም ነበር፤ የሚያውቀው ቍጥሬን ብቻ ነው። ስለ ኳሷ አንድም ቃል አላነሣም። ድንኳኑን አብሮን ተከለ፤ ሦስት ቀንም ውኃ ቀዳ። አንባቢዬ ሆይ፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያን ዓመት ባይጋጠሙ ኖሮ ያ ልጅ የኔን ቤት ለምን ብሎ ይፈልግ ነበር? ከሪጎሬው ይልቅ ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳው ያቺን ጥያቄ ነው።

የከተማችን የኳስ ታሪክም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲያቋቁሙ፥ የኢጣልያ ጦር በሰሜን በኩል ድንበራችንን አልፎ ገብቶ ነበር። ከቡድኑ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ገና ዐሥራ አራት ገደማ ነው። ለዚሁ ቡድን 23 ዓመት ያህል ተጫወቱ፤ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ የአህጉሩን ኳስ የመራው ሰው ኳስን የለመደው በተማሪ ቤት ሜዳ ነው ማለት ነው።

በወረራው ዘመን ኢትዮጵያዊና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ወራሪ የሚፈራው ጦሩን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ዳኛ ፊት እኩል መቆምንም ይፈራል። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፥ ፎርቲቱዶ በከተማው የቀሩት የኢጣልያኖች፥ አራራት የአርመኖች፥ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፥ አምስተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ ያገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዋንጫው አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት በጠመንጃ ይፈላለጉ የነበሩ ሰዎች፥ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በፊሽካ ተጀምሮ በፊሽካ በሚያልቅ ፉክክር መገናኘታቸው ነው።

የተማሪ ቤቶቹንም ፉክክር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ፥ በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን፥ ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ጄኔራል ዊንጌት፥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኩራት ነበራቸው። የነዚህ ትምህርት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎች ፀጕራቸው ሸብቶም ሲገናኙ «የናንተ ተማሪ ቤት፥ የኛ ተማሪ ቤት» እየተባባሉ ሲቀላለዱ ሰምቼ አውቃለሁ። የሚቀላለዱት ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው፤ ልብ ይበሉልኝ።

የግጥሚያ ፍሬ ምን እንደ ሆነ አገር ሁሉ ያየው በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰች፤ በመጨረሻውም ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። ጎሎቹን ያገቡት ግርማ ተክሌ፥ ሉቺያኖ ቫሳሎ፥ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁና የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአገር ውስጥ ውድድር ተጋጣሚዎች ነበሩ። ብሔራዊውን ማልያ በለበሱበት ቀን ግን አንዱ የሌላውን ብርታትና ድካም ጠንቅቆ ያውቀዋል። ያወቀውም በወዳጅነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስለ ገጠመው ነው።

ይህን ነገር በሌላው ዓለም ደግሞ እንመልከት። በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ኒድሃምና ዌልስሊ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ከተሞች አሉ። ዌልስሊ ቀድሞ የኒድሃም ክፍል ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ተገንጥሎ ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። በዓመቱ በ1882 የሁለቱ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምስጋና በዓል ቀን በኳስ ተጋጠሙ፤ ፉክክሩም ይኸው ከ140 ዓመት በላይ ዘለቀ። የነሱ ኳስ እንደኛ ኳስ ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ እንቍላል የሞላላ ሆኖ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ነው። እኔ እዚያ ተወልጄ ቢሆን ኖሮ በእጄ ምክንያት ባልተዋረድሁ! ለማለት የፈለግሁት ግን ይህ ነው፤ ከተሞቹን ምክር ቤት ሲለያያቸው፥ ልጆቹ በየዓመቱ የሚገናኙበትን ቀን አበጁላቸው።

የኛም ወገኖች በባዕድ አገር ይህንኑ አውቀውታል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1984 የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው፥ በየዓመቱ በሐምሌ መባቻ ግድም የየከተማው ቡድን በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ይጋጠማል። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ኳስ ለማየት ይሄዳል ብለው እንዳይሳሳቱ፤ ገሚሱ የጨዋታውን ውጤት እንኳ አይጠይቅም። አብሮ አደጉን፥ የትምህርት ቤት ጓደኛውን፥ ምናልባትም የቀድሞ ተጋጣሚውን ሲፈልግ በሜዳው ዙሪያ ሲዞር ይውላል። ቀጠሮው ኳስ ነው፤ ጉዳዩ ግን ሰው ነው።

አሁን ወደ ዓለም ባንክ እንመለስ። ካለፉት ዓመታት በአንዱ በሰፈራችን ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጋጥመው ነበር። የሰፈሩ ሰው እንደ ጥምቀት ሜዳውን ከብቦት፥ ቆሎ የምትሸጠው እናት ሳትቀር አንዱን ደግፋ ስትጮህ አይቻለሁ፤ ልጅዋ ተጠባባቂ ሆኖ በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበርና። ጎንደሬውም፥ ጉራጌውም፥ ወለጌውም በዚያች ቀን አገሩን አልጠየቅሁትም፤ የማንኛው ትምህርት ቤት ወገን እንደ ሆነ ብቻ ነው ሰው የሚጠያየቀው። መጨረሻው ግን አላማረም። በአንድ ጎል ክርክር ተነሣ፤ ከክርክሩ ስድብ፥ ከስድቡም ድንጋይ መጣ። የአንድ ልጅ ግንባር ተፈነከተ። ከዚያ በኋላ «ጠብ እንዳይነሣ ግጥሚያው ይቅር» ተባለና ቀረ።

ይህን ውሳኔ የወሰኑትን ሰዎች አልወቅስም፤ የሰው ልጅ በዐደራ የያዘ ሰው መፍራቱ ደግ ነው። ነገር ግን አንባቢዬ ሆይ፥ ከዚያ ወዲህ ጠቡ ቀርቷልን? የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች ማታ ማታ በታክሲ ፌርማታው ዛሬም ይናቈራሉ። ቀድሞ በዓመት አንድ ቀን፥ በዘጠና ደቂቃ፥ በዳኛ ፊት የሚያልቀው ነገር አሁን ዓመቱን ሙሉ ያለ ዳኛ ይጐተታል። ግጥሚያው ቢቀር ጠቡ አይቀርም፤ ዳኛ ብቻ ያጣል። ይባስ ብሎም ቀጭኔ «የአራት ቍጥሩ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድል አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ለሰፈሬ ሽማግሌዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው ቀን ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሥራውን ትቶ የሚወጣበት፥ ከጾምና ከበዓል ጋራ የማይጋጭ አንድ ቅዳሜ በዓመት ይቈረጥ፤ ቀኑም ከዓመት ዓመት አይለወጥ። ልማድ የሚሆነው የማይለወጥ ነገር ነውና። ሁለተኛው ዳኛ ነው፤ ዳኛው ከሁለቱም ትምህርት ቤት ያልወጣ፥ ሙያውን የተማረ ይሁን፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ ይከበርለት። ሦስተኛው ማዕድ ነው፤ ፊሽካው እንደ ተነፋ ሁለቱ ቡድኖች ተቀላቅለው በአንድ ትሪ ይብሉ። አብሮ የበላ እጅ ድንጋይ ሲያነሣ ያፍራል። በልጆቹም ፊት የልጃገረዶቹ ቡድኖች ቀድመው ይጋጠሙ፤ የአገሪቱ የሴቶች ቡድን ሉሲ ተብሎ በሚጠራበት ዘመን፥ ሴት ልጅን በሜዳ ዳር ውኃ አቀባይ ብቻ አድርጎ ማስቀረት አያምርብንም።

አራተኛውና የመጨረሻው ሜዳ ነው። ቤት ሲሠራ ደስ ይለናል፤ የሰው ልጅ መጠጊያ ይፈልጋልና። ነገር ግን በየሰፈሩ ባዶ የሚመስለን መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም። ልጆች ሲጫወቱበት የሚውሉት ሜዳ ሰው የሚገጥምበት መቃን ነው። በዳርቻው ዛፍ ይተከልበት፥ አጥርም ይታጠርለት፤ ነገ የሚገነባበት ነገር ሲታሰብም ቀድሞ የሰፈሩ ሰው ይጠየቅ። ሜዳ አንድ ጊዜ ከሄደ ገንዘብ አበድሮ የሚመልሰው ባንክ የለም፤ የዓለምም ቢሆን።

ያ የተፈነከተ ልጅ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ባለፈው ሰኞ በዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ አግኝቼው «ግጥሚያው ቢመለስ ትጫወታለህ ወይ?» አልሁት። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቱ ነካ፥ ነካ አድርጎ፥ «አባባ፥ እኛ እኮ ያን ቀን እየመራን ነበር፤ ጨዋታው አላለቀም» አለኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር የምጨምርበት የለኝም። ጨዋታው አላለቀም።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ይሰንብቱ። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንዎ፤ በተማሪነትዎ ዘመን ያሸነፈዎትን ሰው ያስታውሱና፥ ቤቱ የት እንደ ሆነ ይጠይቁ።